ካርዱና የከብቱ ድርድር

የአክስቴ ልጅ ሊያገባ ከአውስትራሊያ የመጣው ጋምቤላ በሙቀት በምትነድበት ወር ነው። እሱን ያላበው ግን ሙቀቱ ሳይሆን የአማቾቹ ነገር ነበር። በእኛ ወግ ጥሎሽ ከብት ነው፤ የልጅቷ አባት ደግሞ ሙሽራው አቅም እንዳለው ሳያጣሩ ለድርድር የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ቀጠሮው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆነ።

ቅዳሜ ከሰዓት የልጅቷ ወንድም ኳስ እንይ ብሎ መሃል ከተማ ሆቴል ወሰደው። ወንድምየው ቤቲንግ ነፍሱ ነው። "ያንተ የውጭ ካርድ ነው፤ እስቲ በትልቁ የውጭ ሳይት እንሞክር" አለው። ምስኪኑ ዘመዴ በሕይወቱ ተወራርዶ አያውቅም፤ ግን የነገ አማቹን እንዴት አድርጎ እምቢ ይበል? ክሬዲት ካርዱን አውጥቶ ቁጥሩን አስገባ። ሳይቱ "ይህን ካርድ አንቀበልም" አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ።

በእኛ ከተማ ካርድ አልሠራም ማለት ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባዶ ነው። ወሬው ከባጃጅ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። አክስቴ "ልጅሽ ለካ ባዶ እጁን ነው የመጣው" የሚላት አላጣችም። እኔ የምሠራው ባንክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነውና እያለከለከች ቤቴ መጣች። "ልጅቷን ቢከለክሉትስ? ነገ መጥተሽ አንቺው አስረጂልኝ!" አለች። ሴት ለከብት ድርድር ተጠርታ ስትናገር አይቼ አላውቅም። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

እሁድ ባሮ ዳር ባለው ግቢያቸው፣ ማንጎው ጥላ ሥር፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምኩ። ለደንበኛ እንደማስረዳው ጀመርኩ።

"አባቴ፣ ካርዱ ባዶ አይደለም። ክሬዲት የሚባለው ባንኩ የሚያበድረው ገንዘብ ነው። እሱ በሚኖርበት አገር ሰው በብድር ገንዘብ ኢንተርኔት ላይ እንዳይወራረድ ሕግ ይከለክላል። ሌላም ቦታ ይህን የማይፈቅዱ ባንኮች አሉ። አንዳንድ ሳይቶች ራሳቸው ይፈሩታል፤ ሰውየው ከተበላ በኋላ ባንኩን 'እኔ አልከፈልኩም' ብሎ ገንዘቡን ሊያስመልስ ይችላላ!"

አሳምሬ የተናገርኩ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

የልጅቷ አባት ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "እንግዲያው ቁማር ሊጫወት የነበረው በተበደረው ገንዘብ ነው?"

ከድህነት ላድነው ሄጄ ቁማርተኛ አድርጌው አረፍኩት! ዘመዴ አንገቱን ደፋ። አክስቴ ያን ጊዜ እንዴት እንዳየችኝ አሁንም ሳስበው ይጨንቀኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባትየው ግን ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ። "አብረኸው ነበርክ አይደል? ካርዱ እምቢ ሲለው ምን አደረገ? ተቆጣ?"

"ኧረ፣ ሳቀ እንጂ" አለ ወንድምየው እያፈረ። "እንወራረድ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።"

"ሌላ መንገድስ አልፈለገም?"

"በእኔ ስልክ እንክፈል ብዬው ነበር። 'እምቢ ካለ ይቅር' ብሎ ለሁላችንም ዓሣ አዘዘልን።"

አባትየው ዘመዴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ልጄ አፏን የፈታችው 'እምቢ' ብላ ነው፤ እስካሁንም አልተወችውም" አሉ። "እምቢ ሲባል የሚስቅ ሰው ከየት ይመጣላታል ብዬ ስጨነቅ ኖሬያለሁ። በሉ፣ ወደ ከብቱ እንግባ።"