ክፍል ሁለት ላይ የተቀየረው ሰውዬ

አሮጌ ቪዲዮ ካሴት የራሱ ሽታ አለው፤ አቧራ የጠጣ ፕላስቲክና ምድር ቤት የከረመ ካርቶን ሽታ። ባለፈው ቅዳሜ ሻርሆልመን ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ሳጥን ሳገላብጥ መጀመሪያ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ቀጥሎ ፊልሙ ራሱ እጄ ላይ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ዘጠኝ ሰዎች ኮፍያ ደፍተው፣ የቤዝቦል ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ተደርድረዋል። ከእነሱ በታች በትልቁ ሁለት ቁጥር ተጽፏል። ሻጩ ይቅርታ እንደመጠየቅ ብሎ ክፍል አንዱ እንደሌለው ነገረኝ። ግድ የለም አልኩት። እኔን ጉድ የሠራኝ ሁለተኛው ነው።

ተጠራጣሪ መሆኔን ከወዲሁ ልንገራችሁ። እንጀራዬም ይኸው ሆኗል። ሆስፒታል ደም እቀዳለሁ፤ የሰውየውን ስምና የልደት ቀን ከገዛ አፉ ሳልሰማ መርፌ አላነሳም። ጠዋት የቀዳሁለት ሰው ከሰዓት ተመልሶ ቢመጣ ደግሜ እጠይቀዋለሁ። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። እናቴ «ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎ ውስጥ ስንጥር» የምትለው ለጨዋታ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሕግ ይዤው አደግሁ። አባቴን ያሳዘንኩትም በዚሁ ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። ስዊድን፣ ፊቲያ የሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ እኔና እናቴ ብቻ እንኖር ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይዛኝ ስትመጣ አባቴ መንገድ ላይ ቀርቷል። እኔ ከእሱ የማስታውሰው አንድም ነገር አልነበረም፤ የማውቀው እናቴ የነገረችኝን ነው። ረጅም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ያፏጫል። ቴሌቪዥኑ ላይ በቆመው ፎቶ ደግሞ ወፍራም ጺም ነበረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፍቶ ሰዎች እናቴን በዓይናቸው ሲያጽናኗት አይቻለሁ። እሷ ግን ፎቶውን በየሳምንቱ ትወለውል ነበር።

ፊልሙን የሰጠቻት አብራት የምትሠራ ፊንላንዳዊት ናት፤ ሁለቱንም ክፍል፣ በአንድ ፌስታል። ፊልሙ አንድም ጊዜ የማያሸንፍ የቤዝቦል ቡድን ታሪክ ነው። ሕጉን እኔም እናቴም አናውቀውም፤ የምንስቀው በሰዎቹ ነው። ጨዋታ መሐል ሳንድዊች ከኪሱ አውጥቶ የሚበላ ወፍራም አለ። ኩርፊያቸውን ሳይፈቱ አንድ ቡድን ውስጥ የሚጫወቱ መንታ ወንድማማቾች አሉ። ጉልበቱን በቅባት የሚያሽ ሽማግሌ ኳስ ወርዋሪ አለ። እኔ የምወደው ግን ኳስ የሚፈራውን ነው፤ ኳሷ ስትመጣ አንድ ዓይኑን ብቻ ይጨፍናል፣ በሌላው እያየ ይሸሻል።

ክፍል አንድን ካሴቱ እስኪሳሳ አየነው። ክፍል ሁለትን የከፈትን ዕለት ደግሞ ሁሉም ነበሩ፤ ወፍራሙም፣ መንቶቹም፣ ሽማግሌውም። ኳስ የሚፈራውም መጣ፤ ስሙ ያው፣ መለያው ላይ ያለው ቁጥር ያው፣ ሰውየው ግን ሌላ። ፊቱ ሌላ ነው። ኳሷ ስትመጣ ሁለቱንም ዓይኑን ጨፈነ። የቡድኑ ሰዎች ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እንዴት ከረምክ» ይሉታል፣ አንዳቸውም «አንተ ማን ነህ?» አላሉትም። ተነስቼ ቴሌቪዥኑ ጋ ሄድኩ። «እማዬ፣ ይሄ እሱ አይደለም» አልኩ። እናቴ እየላጠችው ካለው ድንች ቀና ሳትል «ያኛው እምቢ ብሎ ይሆናል፤ ሌላ አምጥተው ነዋ» አለችኝ። እንደዚያ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሰው ተቀይሮ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ ሌላው ሁሉ አውቆ ዝም እንደሚል የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

አባቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው።

አውሮፕላን ጣቢያ የጠበቅነው ሰው ጺም አልነበረውም። ቁመቱ ከእናቴ እምብዛም አይበልጥም። ሲስቅ አፉን አይከፍትም። እናቴ እጁን ጨበጠችው፣ ጉንጩን ሦስት ጊዜ ሳመችው፣ «እንኳን ደህና መጣህ» አለችው፤ ልክ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንግዳ እንደምትቀበለው። ፊልም ላይ ያየሁት እንደዚያ አይደለም፤ ፊልም ላይ ሰው ይሮጣል። ባቡር ውስጥ ሁለቱም በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱን።

ከዚያ ምርመራዬን ጀመርኩ። ደረጃ ሲወጣ ከኋላው እሄዳለሁ፤ አያፏጭም። ሳልነግረው ልደቴን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ወሩን አውቆ ቀኑን ሳተው። አሁን ሳስበው እሱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የነገረኝ፤ ትክክል ነበር። ያን ጊዜ ግን ደብተሬ ላይ ጻፍኩበት። ጠዋት ጠዋት እግሬን ከብርድ ልብሱ ፈልጎ አውራ ጣቴን ሳብ እያደረገ ይቀሰቅሰኝ ነበር። እሱንም ጻፍኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ደስ ይለኝ ስለነበር ይሆናል የበለጠ የጠረጠርኩት።

አንድ እሁድ ከሰዓት እናቴ ሥራ ላይ ሆና፣ ፀሐይ ምንጣፉ ላይ ተኝታ፣ ክፍል ሁለትን ከፈትኩ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዱላውን አይቶ «ገና ነው እንዴ የሚጫወቱት?» አለኝ። እኔ ገና በዓል እንጂ ጨዋታ መሆኑን አላውቅም። ትንሽ አይቶ ደግሞ «አክተሩ የቱ ነው?» አለ።

«አላ» አልኩት በስዊድንኛ፤ ሁሉም ማለቴ ነው። እሱ የሙስሊሞቹን ፈጣሪ የጠራሁ መስሎት ደንገጥ ብሎ አየኝ።

«ሁሉም አክተር ናቸው» አልኩት በአማርኛ።

«ሁሉም አይሆኑም፤ አንዱ ነው» አለ፤ ተመቻችቶም ይፈልገው ጀመር። ኳስ የሚፈራው ሲመጣ በጣቱ አሳየኝ። «ይሄ ነው። ፈሪ መስሎ የሚያታልለው እሱ ነው።» ከዘጠኙ ሰዎች የተተካውን ሰውዬ መረጠ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ወጥ ቤት በሩን ገርበብ አድርጋ ለጓደኛዋ ስትደውል ሰማሁ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፣ አፏን በእጇ ከልላለች። «አክተሩ ገብቷል። አዎ፣ ሳሎን ተቀምጧል። አክተሩ አይሞትም አላልኩሽም?» አለች፤ ከዚያ ሳቀች።

ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የሙያ ስሞችን እንማር ነበር። ሐኪም፣ ሹፌር፣ አክተር። አክተር ማለት ያልሆነውን ሆኖ የሚጫወት ሰው ነው። በቃ፣ አለቀ። ያኛው እምቢ ብሎ ወይም ሞቶ ሌላ አምጥተዋል፤ እናቴም ታውቃለች፣ ጓደኛዋም ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ እንድሆን ተስማምተዋል። ሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በሦስተኛው ቀን መምህርቴ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ፣ ቤታችን ያለው ሰውዬ አባቴ አይደለም፣ ስኮዴስፔላሬ ነው አልኳት። አክተር በስዊድንኛ ከዚህ ሌላ ቃል የለውም።

እንዲህ ያለ ነገር የሰማች መምህርት ዝም አትልም፤ ማለትም አልነበረባትም። በሳምንቱ አራታችን አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀመጥን፤ እናቴ፣ አባቴ፣ መምህርቴና እኔ። ቶልኩ፣ አስተርጓሚው ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ ውስጥ ነበር የሚናገረው። እናቴ ስዊድንኛ ትችል ነበር፤ ጉዳዩ ግን አባቴን የሚመለከት ስለሆነ ከሌላ ሰው አፍ ይስማ ተብሏል። አባቴ ለቅዳሴ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጥቷል። ስለ ትምህርቴ የሚነግሩት መስሎት ነው።

ቶልኩ ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ የመጽሐፍ አማርኛ ይናገራል። «ልጅዎ እርስዎን በተመለከተ፣ እኚህ ሰው አባቴ አይደሉም፣ ተዋናይ ናቸው ስትል ተናግራለች» አለ።

ተዋናይ አለ። አክተር ቢል ኖሮ አባቴ ይስቅ ነበር፤ እናቴም ነገሩ ይገባት ነበር። ያን ቀን እዚያው አልቆ እየሳቅን እንወጣ ነበር። ሰውየው ግን ሥራውን በትክክል ሠራ።

አባቴ ስልኩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። አልተቆጣም። እናቴ መሥሪያ ቤት ስትሄድ ሁሉ ከምትይዛቸው ወረቀቶች አንዱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ለካ እንዲመጣ ሲፈቀድለት የአባትነት የደም ምርመራ ተደርጎ ኖሯል። መምህርቴ አንብባ ወደ እኔ አዞረችው። ስሜ አለ፣ ስሙ አለ፣ መቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር አለ። እናቴ አንገቷን ደፍታ፣ ጥርሶቹን እስር ቤት እንዳወለቁበት፣ ለዚያ እንደማያፏጭና አፉን ገጥሞ እንደሚስቅ ነገረችኝ። እሱ «ተይ፣ ልጅ ናት» አላት። ለምን ተዋናይ እንዳልኩት ግን የጠየቀኝ የለም። እኔም የእናቴን ስልክ ሰርቄ መስማቴ እንዳይታወቅ ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ አባቴ መሆኑን አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። ግን እሱ ተለወጠ። በማግስቱ ጠዋት እግሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ጠበቅሁት። በሩ ተንኳኳ። ሳይገባ፣ ከውጭ ቆሞ፣ ሙሉ ስሜን ጠርቶ «ረፍዷል» አለኝ። እስካድግ ድረስ በሬን ሳያንኳኳ ገብቶ አያውቅም። ከቤት ከወጣሁ በኋላም ስልክ ሲደውል መጀመሪያ «አባትሽ ነኝ» ይላል፤ ስሙ ስልኬ ላይ ተጽፎ እያየሁት።

ነገሩ የገባኝ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣች ልጅ እኔ ቤት ፊልም ስናይ ዘግይታ ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ «አክተሩ የቱ ነው?» አለች። እኔ ሁሉም ናቸው ስላት ሳቀች። «ሁሉም እንዴት ይሆናሉ? አክተሩ ነው ያልኩሽ። ዋናው ሰውዬ፤ የማይሞተው።» ሰፈር ቪዲዮ ቤት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ያን ጊዜ ለአባቴ ልነግረው ይገባ ነበር። አፈርኩ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ለፋሲካ እነግረዋለሁ ስል ዓመታት ሄዱ። ይባስ ብሎ እናቴ በዚህ መሐል አረፈች፤ ሁለት ክረምት ሆናት። እሱም የፊቲያውን ቤት ለቆ ኡፕላንድስ ቬስቢ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ያዘ።

ቅዳሜ ዕለት ካሴቱን ሳልገዛ ከገበያው ወጥቼ ባቡር ያዝኩና ወደ እሱ ሄድኩ። ለእሁድ ቅዳሴ ሸሚዙን እየተኮሰ አገኘሁት። ኮቴን ሳላወልቅ፣ እንዳይጠፋብኝ እንደፈራሁ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ነገርኩት። ስለ እንግሊዝኛው ክፍል ነገርኩት፣ ስለ ስልኩ ነገርኩት፣ ቃሉን እንዴት እንደተረዳሁት ነገርኩት። ይቅርታ አድርግልኝ አባዬ አልኩት። እሱ ካውያውን ከሶኬቱ ነቅሎ ቆሞ ሰማኝ። የሚስቅ ወይም የሚያቅፈኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ማን ነው አክተሩ ያለኝ?» አለ።

«እማዬ።»

«እሷ ራሷ? በአፏ?»

«ለጓደኛዋ በስልክ። አክተሩ አይሞትም አላልኩሽም አለቻት።»

«በምን ዓይነት ድምፅ?»

አፌን በእጄ ከልዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንዳለችው አልኩለት። መጨረሻ ላይ እንደሳቀችው ሳቅሁ። «እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት።

«እኔ እኮ» አለ ሸሚዙን እያየ፣ «የመምጫ ወረቀቴን አንዴ ስለጀመረችው፣ ለይሉኝታ ብላ ያስገባችኝ ነበር የሚመስለኝ።»

«መቼ ነው እንደዚያ የመሰለህ?»

«አውሮፕላን ጣቢያ እጄን ከጨበጠችኝ ጀምሮ። ብዙ ጊዜ ልጠይቃት አስቤ ነበር።»

ሸሚዙን አስተካክሎ ዘረጋና የጨረሰውን እጅጌ እንደገና ይተኩስ ጀመር። ካውያው ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ እኔም አልነገርኩትም።