ኮምፓይለሬ ላም የሆነችበት ሳምንት

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት... ጎፋ ያለው መሥሪያ ቤቴ ገና ከመግባቴ የሰው ኃይል ኃላፊያችን ደረጀ ጠራኝ።

«አንቺ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ከከብት ጋር ምን አገናኘሽ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን የምሠራው ኮምፓይለር ላይ ነው። አንድን ፕሮግራም ለሁለት ከፍሎ፣ ገሚሱን ለለመድነው ኮምፒውተር፣ ገሚሱን ደግሞ ኳንተም ለሚባለው አዲስ ማሽን በሚገባቸው ቋንቋ የሚተረጉም ሶፍትዌር ማለት ነው። ማሽኑ ያለው ውጭ አገር ነው፤ በኢንተርኔት ገብቼ እንድሞክር ለአርብ ተራ ደረሰኝ። ስምንት ወር የጠበቅኩት ተራ! የአንድ ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈልኝ።

ደብዳቤውን የጻፈችው ልጅ ግን የሁለቱን ማሽኖች ጥምረት «ዲቃላ» ብላ ተርጉማዋለች። «በዲቃላ ላይ ለሚደረግ ሙከራ...» ይላል። በቃ!

«ለሚመለከተው ክፍል መርቼዋለሁ» አለኝ ደረጀ። የሚመለከተው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሦስተኛ ፎቅ ያለው የከተማ ግብርና ክፍል!

በሩጫ ወጣሁ። የእንስሳት ባለሙያው ጋሽ ቶሎሳ ከከተማው ዳር ፉሪ ተወልደው ያደጉ፣ ዛሬም እዚያው ላም የሚያረቡ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ነይ ልጄ! አርብ ፉሪ የዲቃላ ላም ሥልጠና አለን። ስምሽን አስገብቼዋለሁ።»

«ጋሼ፣ የኔ ላም አይደለም... ኮምፒውተር ነው!»

«ኮምፒውተርም ይዳቀላል?»

ወረቀት ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ! በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ «ደብዳቤው ይስተካከላ» አሉ። ዩኒቨርሲቲው ጋ ደወልኩ... ልጅቷ እስከ ሰኞ የለችም። ደረጀ ደግሞ ያለ አዲስ ደብዳቤ ንቅንቅ አይልም። እንባዬ መጣ።

ጋሽ ቶሎሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የላም ሥልጠናው ፈቃድ ግን... ዛሬውኑ ይፈረማል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሕሊናዬ ትንሽ ታገለኝ። ስምንቱ ወር አሸነፈው።

«ይፈረም» አልኩ።

አርብ ማሽኑ ላይ ገባሁ። ኮምፓይለሩ ሁለቴ እምቢ አለኝ፤ በሦስተኛው ሠራ። ውጤቱ ግን ዝብርቅርቅ ያለ ነው፣ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሰኞ ጠዋት ደረጀ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «እሺ፣ ሥልጠናው እንዴት ነበር? ይቺ ዲቃላ በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች?» አለኝ።

«ገና ጊደር ናት» አልኩት።