ገለፈቱ እስኪበሰብስ

ከሚዛን ተፈሪ የተነሣሁት ልጄን ወደ ቤቴ ለመመለስ ነው። ማርታ ቴፒ አጠገብ ካገባች ይህ ሁለተኛ ክረምቷ ነው። «በቆሎው ቢጫ ሆነ፤ ባሏ ተስፋዬም እርሻውን ትቼ ቀን ሥራ እገባለሁ ይላል» የሚል ወሬ ሲደርሰኝ፣ ለእናቷ «አልጋዋን አንጥፊላት» ብዬ ወጣሁ። ስንፍና ያለበት ቤት ልጄን አላስቀምጥም።

መንገድ ላይ

ጨውና ሳሙና የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ።

«አባባ፣ እርስዎም ይውረዱ፤ ጭቃው ሽማግሌ አያውቅም!» አለኝ ሾፌሩ።

ወርጄ ገፋሁ። በጫካው ውስጥ ስንቆም የረገፈውን ቅጠል በእግሬ ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ ነው። ማንም ማዳበሪያ አልበተነበትም፤ ዛፉ ያራገፈውን መልሶ ይበላል። የፈጣሪን ሥራ አደነቅሁ።

ቴፒ

የእነማርታ በቆሎ ግን እውነትም ገርጥቷል።

«ምን አደረግህበት?» አልኩት ተስፋዬን።

«የቡና ገለፈት ቀበርኩበት፣ አባባ። ከመፈልፈያው ድረስ በትከሻዬ አምጥቼ!»

ትከሻው ተልጧል። ሰነፍ አልነበረም። አንዱን በቆሎ ነቀልኩ፤ ገለፈቱ ከሥሩ እንደተቀበረ ነው፤ ገና አልበሰበሰም።

ማርታ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የቆየ እበትና የብርብራ ዛፍ ቅጠል የሰጠቻቸው ጥቂት በቆሎዎች እንደ ጎመን ጠቁረዋል።

«ገለፈቱ እስኪበሰብስ እሱ ራሱ ከአፈሩ ይበላል፤ ለበቆሎው ምን ይድረሰው?» አለች።

ማንበብ የተማርኩት ካደግሁ በኋላ፣ በራሴ ነው። አንድ የግብርና መጽሐፍ፣ ገለባን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን ናይትሮጅኑን መጀመሪያ ለራሳቸው ወስደው ኋላ ለአፈሩ ይለቃሉ ይላል። አንብቤዋለሁ፤ በዓይኔ ያሳየችኝ ግን ልጄ ናት።

«ታዲያ የበረቱን የእበት ክምር ለምን ማሳው ላይ አላደረጋችሁትም?»

ተከትሎን የመጣው ተስፋዬ አቀረቀረ። ማርታ ሳቀች። «እሱ ባደገበት በጌጫ፣ እናቱ ቤት፣ እበት የሴት ሸክም ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ሆዴ ስንቱን ልሸከም?»

እርጉዝ መሆኗን ያወቅሁት ያኔ ነው። ኮቴን አውልቄ ቅርጫቱን ሞላሁና ተሸከምኩ። ጎረቤታቸው አባ ቡልጉ ከአጥር ማዶ አየኝ።

«ተስፋዬ! አማትህን እንደ በቅሎ ጭነህ አንተ መንገድ ታሳያለህ?»

ተስፋዬ ሮጦ መጣ። «ይስጡኝ አባባ፣ አገር ሳይሰማ!»

«አገርማ ሰማ!» አለ አባ ቡልጉ።

ከዚያ በኋላ ቅርጫቱን አልሰጠኝም። በየበቆሎው ሥር እበቱን እያደረግን አፈር አለበስነው፤ ዝናብም ጣለበት። የማሳው የታችኛው ጥግ አልዳነም። በቀረው ላይ ግን እኔ እዚያው እንደሰነበትኩ ከቢጫው መካከል አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ። ተስፋዬም የቀን ሥራውን ነገር ዳግም አላነሣም።

«እንሂድ?» አልኳት ማርታን።

«በቆሎዬን ለማን ትቼ?»

ቤት

ስመለስ አልጋው እንደተነጠፈ ነበር።

«ልጅቱስ?» አለች ሚስቴ።

«እርሻዋ ላይ ናት።»

ገለፈት ክፉ ነገር አይደለም፤ ሲበሰብስ ያበላል። እኔ ግን ወጣቱን ሳይበስል ልፈርድበት ሄጄ ነበር። ልጆች ያሏችሁ፣ ለመሬትም ለሰውም ጊዜ ስጡ። ደግሞስ በእኔም ቤት በረቱን ስትጠርግና እበቱን ስትሸከም የኖረችው ሚስቴ ናት።

«አልጋውን አንሺው» አልኳት። «ይልቅ የእበቱ ቅርጫት የት ነው?»