ያስቀረሁት ጥሪ

እናት ልጇን ስትጠራ ጥሪውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅ፤ ስንት ጊዜ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንግዲህ የምታነቡት እናንተ ስሙኝ።

ያኔ በሰው አገር የወደብ ከተማ፣ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የፈረንሳዮች ቤት እኔና አስካለ አብረን ተቀጥረን እናድር ነበር፤ እኔ ወጥ ቤት፣ እሷ ልብስ አጣቢ። እኔ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ከድሬዳዋ ደብዳቤ በመጣላት ቁጥር ጣሪያው ላይ ወጥተን፣ እንዲደርቁ በተሰጡት አንሶላዎች መካከል ተቀምጠን አነብላት ነበር። የሐምሌ ወበቅ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ ብርሃን፣ እንደ ሸራ የሚነፉ አንሶላዎች፣ ከወደቡ የሚመጣ የመርከብ ጩኸት። ዛሬ ሳስበው በእውን የሆነ አይመስለኝም። ሆኗል ግን። እኔ አድርጌዋለሁ።

እናቷ ያስጻፈችው እንዲህ ይል ነበር፦ «አስኩዬ፣ ታምሜአለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ስምሽን እጠራለሁ። መጥተሽ አንድ ጊዜ አቤት በይኝ።»

እኔ ያነበብኩላት፦ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ፤ ሥራሽን ጠንክረሽ ያዢ።»

አስካለ ሳቀች። «ኧረ እታለም! እናቴ ከመቼ ወዲህ ነው ጠንክሪ የምትለኝ? ሰነፍ ብላ አይደል የሸኘችኝ!»

«ጸሐፊው ጨምሮበት ይሆናል» አልኳት። ደብዳቤውንም አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ለምን? እመቤቲቱ ገና መውለዷ ነበር፤ አስካለ ከሄደች ሕፃኑም እጥበቱም እኔ ላይ ሊወድቅ ነው። ይኸው ነው። የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። እኔ ወደ ባልባላ ሰፈር ከሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወረፋ የዘለለውን ጎትቼ የማስወርድ ሴት፣ እኔ ለሰው ሁሉ መብት የምሟገት፣ የሽንት ጨርቅ ላለማጠብ ብዬ የእናት ድምፅ ዋጥኩ።

በሁለተኛው ወር መርዶው መጣ። ጎህ ሲቀድ ያረዳኋት እኔው ነኝ። ደረቷን እየደቃች «ምነው ሳትጠራኝ! ተቀይማኝ ነው!» ስትል፣ እኔ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኳት። ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል። ሞቱስ የእሱ ፈቃድ ይሁን፤ ሳይተያዩ መቅረታቸው የማን ፈቃድ ነበር? ከእጄ የወጣውን መከራ አምላክ ላይ ጫንኩት። ጫንኩትና ጸሎቴን አደረስኩ። መከራ ሁሉ ከላይ ይወርዳል የሚል ሰው በመጀመሪያ እጁን ይመልከት።

ከዚያ ወዲህ ፊደል ለማያውቁ ሴቶች አነብባለሁ፤ ዱሮ ደብዳቤ፣ አሁን የስልክ መልእክት። «እግዜር ማንበብን የሰጠሽ ለዚህ ነው» ይሉኛል። ለምን እንደሰጠኝማ አውቃለሁ፤ ምን እንዳደረግሁበትም አውቃለሁ። በሕልሜ ከአንሶላዎቹ ወዲያ አንዲት ሴት ትጣራለች። የምትጠራው ስም የእኔ ስላልሆነ አቤት ማለት አልችልም። አንሶላውን እገልጣለሁ፤ ሌላ አንሶላ። እሱን እገልጣለሁ፤ ሌላ።

ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። አስካለ ባልባላ ታማ ተኝታለች፤ ልጇ ድሬዳዋ ናት። ባለፈው ሳምንት «ጥሪያት እንጂ» ብላት፣ «እኔንስ እናቴ መች ጠራችኝ? ሰው ሳያስቸግሩ መሞት ነው» አለችኝ። የዘራሁት ዳግም ሲበቅል ዓይኔ እያየ ነው። አሁንም ዝም ካልኩ ሁለተኛ ጥሪ አስቀራለሁ አልኩ።

በማግስቱ ዳዊቴ ውስጥ የኖረውን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«አንብቢው።»

አነበብኩ። አንድ ቃል አላስቀረሁም። የበሩ መጋረጃ በነፋስ ተነፋ። አስካለ ፊቷን ወደዚያ አዞረች።

«አቤት» አለች። «አቤት፣ እማዬ።»

ከዚያ ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«እንቺ እታለም፣ ልጄን ጥሪልኝ። እንደ ልማድሽ ግን እንዳታሳጥሪው።»