ከኮርቻው ስር የተሰፋው ደብተር

ዩኒቨርሲቲ የምማረው የፈንጂ ምህንድስና መሆኑን በአገሬ በቆሰበር ከተማ ውስጥ ከአባቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለጎረቤት «የድንጋይ ትምህርት ነው» እላለሁ። ውሸትም አይደል፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ማፍረስ ነው። ግን በዚያ በቀይ ሽብር ጊዜ «ፈንጂ» የሚል ደብተር የተገኘባትን ልጅ ማን ቁጭ ብሎ ያዳምጣል?

ለእረፍት በመጣሁ በሳምንቱ፣ ነገ የቤት ለቤት ፍተሻ አለ ተባለ። አባቴ ደብተሩን እናቃጥለው አሉኝ። እኔ ግትሯ፣ «ፈተናው ከሱ ነው የሚመጣው፤ ሞቼ እገኛለሁ!» አልኳቸው። ተቆጡ፣ ተቆጡና፣ ከፈረሱ ኮርቻ ስር የሚነጠፈውን ድልድል ተርትረው ደብተሩን ከጭዱ መሃል ከተው ሰፉት።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ከነታጣቂዎቹ መጥቶ ሳጥኔን ገለበጠ፤ የእህሉን ጎታ ሳይቀር በእንጨት ወጋ። ምንም አላገኙም። እፎይ ልል ስል ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ዞረና፣ «አባት፣ ግምጃ ቤት ከተማ አክስቴ አርፋ ለቅሶ ልደርስ ነው። ፈረስዎን ያውሱኝ» አለ።

በእኛ አገር ለለቅሶ ፈረስ የጠየቀ ባዶ እጁን አይመለስም። ፈረስም ራቁቱን አይሰጥም፤ ተጭኖ፣ ተለጉሞ ነው። አባቴ ጫኑለት። ሰውዬው ደብተሬ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ አየሁት።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ውሻ በጮኸ ቁጥር መጡብኝ እላለሁ። አባቴ አንድ ቃል አልተቆጡኝም፤ እሱ ባሰብኝ።

በሦስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ብቻውን መጣ። ወርዶ ልጓሙን ለአባቴ አቀበለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ድልድሉ የፈረሱን ጀርባ ላጠው። ምን ሆኖ ነው ብዬ ፈትቼ አየሁት። ያገኘሁትን አቃጥያለሁ። ልጅቷ ዛሬውኑ ትሂድ» አለ።

አባቴ ልጓሙን መልሰው እጁ ላይ አኖሩት። «ፈረሱ ያንተ ነው» አሉት። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ ፈረሱን አየ። ከዚያ ተፈናጥጦ ሄደ።

ፈተናውን የጓደኛዬን ደብተር ተውሼ አለፍኩ። ልቤን ያሳረረው ይሄ ነው፤ ለካ የኔው መቃጠል ይችል ኖሯል!

ተመርቄ በመጀመሪያ ደሞዜ ፈረስ ልግዛልዎ ብዬ ቆሰበር ስደርስ፣ አባቴ ከግምጃ ቤት ገበያ በእግራቸው ሲመለሱ አገኘኋቸው። አቧራቸውን እያራገፉ ሰሙኝ።

«ተይኝ ልጄ» አሉኝ። «ፈረስ ካለኝ ደግሞ መጥተው ያውሱን ይሉኛል።»