የጀሚል ሚኒባስ ትክክለኛ ጥርስ

ጀሚል ከሆሳዕና ዳምቦያ ሚኒባስ ይነዳል። የተበላሸው ካምቢዮው ከሌላ መኪና በወጣ ካምቢዮ ተቀየረለትና፣ ለገበያ ቀን ተቻኩሎ ቁልፉን ሲጠይቅ መካኒኩ ጋሽ ኤርሳዶ እምቢ አሉት።

«ይሄ ካምቢዮ ይዞት የመጣው የፍጥነት ሴንሰር ጥርሱ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ያንተ የድሮው ሃያ ዘጠኝ። ጥርሱ ሲበዛ የፍጥነት መርፌው ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ሰባ አራት እየበረርክ፣ ስልሳ ነህ ብሎ ይዋሽሃል።»

«መርፌ ማን ያያል ጋሼ? ሰው ይጠብቀኛል እኮ!»

«ሰው ስለሚጠብቅህማ ነው! ድንች ነው እንዴ የምትጭነው?»

ሌላ ጋራዥ ቢሆን «ይሄዳል፣ ውሰደው» ብለው ይሸኙት ነበር። ስንቱን የቀበረ ቃል ነው፣ ይሄ «ይሄዳል»! ጋሽ ኤርሳዶ ግን እየተሰደቡ መኪናው ስር ተመልሰው ገቡ። የድሮውን ሴንሰር ከነጥርሱ ፈትተው፣ ልኩን አይተው አዲሱ ካምቢዮ ላይ አሰሩት።

ከሰዓት በኋላ ጀሚል ቁልቁለት ሲወርድ መርፌው ስልሳን አለፈ። ስልሳ ሲያልፍ እንደ ልማዱ ፍሬን ያዘ። ከመታጠፊያው ወዲያ የአህያ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ሚኒባሱ ጋሪው ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ተሳፋሪዎቹን አድርሶ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ለስድቤ ይቅር በሉኝ። መርፌው ቢዋሸኝ ኖሮ ሰባ አራት እየበረርኩ መንገድ የዘጋ ጋሪ ላይ እወጣ ነበር። አሥራ አንድ ነፍስ ነው ያተረፉት» አለና፣ በግሪስ የጠቆረ እጃቸውን ስቦ ሳመው።