በርቢ የተያዘ ሐረግ

ለእናቴ የፓሽን ሐረግ የተደረገው እንክብካቤ ለእኔ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ቁመት ይኖረኝ ነበር።

ፍሬውን ያመጣላት ደሴ ይማር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ነው። አበባው ጉድ እንደሚያሰኝ፣ ፍሬውም እንደሚበላ ነግሯት ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ የመካነ ሰላም ብርድ ለእንዲህ ያለ ነገር እንደማይሆን አስረዳት። እናቴ አይሆንም የተባለችውን ነገር ሳትሞክር የተወችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከጓሮው አጥር ሥር ቆፍራ፣ ፍግና አመድ ደባልቃ ተከለችው። የጥቅምት ውርጭ ሲመጣ ደግሞ የአባቴን ጋቢ ከትከሻው እየገፈፈች ማታ ማታ ሐረጉን ታለብሰው ጀመር። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ጠዋት ከጋቢው ላይ አፈር እያራገፈ፣ በዚህ ቤት ለመከበር ሥር ማውጣት ያስፈልጋል ይል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አበበ። ነጭና ሐምራዊ፣ ዙሪያውን በቀጫጭን ክር የተከበበ አበባ ነበርና ሰው ከቅዳሴ መልስ እየመጣ ያየው ነበር። እናቴ ሐረጉን ራሷ የወለደችው ይመስል ምስጋናውን ትቀበላለች። ሐረጉ ግን ብዙም ሳይቆይ ከዳት። የጠዋት ፀሐይ የሚያርፈው በጎረቤታችን በኩል ስለሆነ አጥሩን ተሻግሮ እዚያ ማዶ ተንሰራፋ። ፍጉና ውሃው ከእኛ፣ አበባና ፍሬው ከእነሱ ሆነ።

ጎረቤታችን እስከ ወግዲ ገበያ እየወረደ ጨውና አቡጀዴ የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ሚስት ናት። ከእናቴ ጋር አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ እያገነፋች የኖሩ ወዳጆች ነበሩ። ይሁን እንጂ እናቴ፣ ላሜ ሰው በረት ገብታ እየታለበች ነው ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ሁለቱ ተቀምጠው ተመካከሩና ሐረጉን በርቢ አደረጉት። ርቢ የከብት ውል ነው። ባለላሙ ላሟን ይሰጣል፣ ተቀባዩ ይመግባል ይጠብቃል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ሐረግ በርቢ ሲያዝ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም። ማጠጣትና ማዳበር የእናቴ፣ ፍየል መከልከልና ፍሬ መልቀም የጎረቤታችን ሆነ። ፍሬው እኩል። አባቴ፣ ይህ ውል ችሎት ቢቀርብ ዳኛው ሥራውን ይለቃል አለ።

በመጀመሪያው ለቀማ እናቴ ለስላሳ ለስላሳውን እየመረጠች ወሰደች። የተጨማደደውን፣ ይሄ ያረጀ ነው እያለች ለጎረቤቷ ተወችላት። ፓሽን የሚጣፍጠው ሲጨማደድ ነው። ጎረቤታችን ቀምሳ ደርሳበት ኖሮ ወቅቱን ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ጣፋጩን በላች። ሆምጣጣውን እየበላን ስንጨማደድ የከረምነው እኛ ነን።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ወሎ ላይ የደረሰውን አገር ያውቀዋል። ከምሥራቅ በኩል የመጡ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተኮልኩለው ማየት ስንጀምር የቤታችን ጨዋታም ቀነሰ። ምንጩ ቀጠነ። አንድ ጠዋት እናቴ ውሃ ይዛ ከሐረጉ ሥር ብዙ ቆመች፤ ጠብታ ሳታፈስ ተመለሰች። ሰው ውሃ ውሃ እያለ እኔ ሐረግ አላጠጣም ብላ ማለች። ውሃውንና ከጓዳ የተገኘውን ሁሉ ወደዚያ ቅጥር ታመላልስ ጀመር። ሐረጉ ሲሞት ላለማየት ጓሮ መውጣቱንም ተወች። ስታለቅስም አይቻታለሁ፤ ያለቀሰችው ለሐረጉ አልነበረም።

ሐረጉ ግን አልሞተም። ቅጠሉ ሳሳ እንጂ ያን ክፉ ዓመት ተሻገረ። እናቴ ለዚህ የነበራት መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ውሃዋን ለተጠማ ስለሰጠች ማርያም ሐረጓን አጠጣችላት። የንስሐ አባታችን እስኪሰለቻቸው ድረስ ተረከችላቸው። ጎረቤታችንም ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ ማርያም ምን ይሳናታል እያለች ታጅባት ነበር።

ንጉሡ ወርደው፣ መሬት ላራሹ ታውጆ ዘማቾች ሲመጡ አንዱ ተማሪ የሐረጉን ውል ሰማ። ቤታችን ድረስ መጥቶ ርቢ ብዝበዛ መሆኑን፣ ፍሬውም የሚገባው ለለፋበት ብቻ መሆኑን አስተማረን። እናቴ በጥሞና አዳመጠችው። ከዚያ፣ ልጄ፣ በዝባዧ እኔ ነኝ ወይስ እሷ ብላ ጠየቀችው። ልጁ አጥሩን ወዲህና ወዲያ አየና ግራ ገባው። በድርቁ ጊዜ ያጠጣው ማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ማርያም ናት አለችው፤ ለማርያም መሬት የሚሰጥ አዋጅ ወጥቶ እንደሆነም በትሕትና ጠየቀችው። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ትን ብሏት ስታስል ሰማን።

በዚያው ዓመት የጎረቤታችን ባል ገበያው ስለተቀዛቀዘበት ወንድሙ ወዳለበት ወደ ደሴ ሊዛወር ወሰነ። እናቴ ይህን ከሰማች ጀምሮ ስለ ጎረቤቷ መሄድ ምንም አልተናገረችም። የምታወራው ስለ ሐረጉ ብቻ ነው። ርቢ ሲፈርስ ከብቱ ይካፈላል፤ ሐረግ እንዴት ተደርጎ ይካፈላል? ከአጥሩ ላይ ቢቆረጥ የእሷ ወገን ይደርቃል። ይህን እያለች እህሉን ሳትቀምሰው ትነሣለች። የጨነቃት ያቺን ሴት ማጣቱ እንደሆነ ከእሷ በቀር ሁላችንም ገብቶናል።

መላውን ራሷ አገኘችው። ከሥሩ አጠገብ ያለውን ቅርንጫፍ ሳይቆርጡ በአጥሩ ሥር ወደ ማዶ ማሾለክ፣ አጎንብሶ አፈር ማልበስ፣ ሥር ሲያወጣ ከእናቱ ለይቶ በጣሳ ወደ ደሴ መስደድ። ጎረቤታችን፣ እኔው አለብሰዋለሁ፣ አንቺ አትድከሚ እያለች ደጋግማ ተከላከለች። እናቴ ለሐረጉ ከራሷ በቀር ማንንም አታምንም። እኔን አስከትላ ዞረችና እንግዳ ወደማይደርስበት ወደ ጓሯቸው ጥግ ገባች።

እዚያ፣ ከሐረጋችን ሥር ትይዩ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ የውዱእ ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ከድንጋዩ ግርጌ የተቆፈረች ጠባብ ቦይ በአጥሩ ሥር ሾልካ ወደ እኛ ግቢ፣ ከፍጉ ሥር ትገባለች። ጎረቤታችን ለሶላት የታጠበችበት ውሃ በቀን አምስት ጊዜ ወደ ሐረጉ ሥር ሲወርድ ኖሯል። በድርቁ ዓመት የእሷም ውሃ ከዚያችው ከቀጠነችው ምንጭ በጀርባዋ የሚመጣ ነበር።

እናቴ ቦይዋን አየች፤ ማንቆርቆሪያውን አየች። ጎረቤታችን መሬት መሬቱን ታያለች።

«ማርያም ማንቆርቆሪያ እንዳላት አላውቅም ነበር» አለች እናቴ።

«ውሃው መውረጃ ቢያጣ ነው እታለም። ደስ ብሎሽ ስታወሪው ደግሞ ዝም አልሁ።»

«የተጨማደደውን ፍሬ ያስበላችሽም ማርያም ናት?»

«እሱስ ወላሂ የራሴ ሥራ ነው።»

ድንጋዩ ላይ ተደጋግፈው ተቀምጠው ሳቁ። ሲስቁ ሲስቁ እናቴ ማልቀስ ጀመረች፤ ጎረቤታችን አብሽሪ፣ አብሽሪ ትላታለች፣ እሷም ታለቅሳለች። እኔ ቅርንጫፉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ቅርንጫፉ ሥር ሲያወጣ ሄዱ። ጎረቤታችን ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አውቶቡስ ተሳፈረች። ማንቆርቆሪያውን ከድንጋዩ ላይ ሳታነሣው ነው የሄደችው።

ክረምት ገባ። ቤቱ ገና ተከራይ አላገኘም ነበር። አንድ ጠዋት ዶፍ እየወረደ እናቴን ከቤት አጣናት። አባቴ ጋቢውን እንደተከናነበ ፈልጎ ፈልጎ አጥሩ ጋ ቆመ። እናቴ በማዶ ጎንበስ ብላ በማንቆርቆሪያው ወደ ቦይዋ ውሃ ታፈሳለች። ዝናብ እየዘነበ ምን ማጠጣት ነው አላት።

«ዝናቡ የማርያም ነው» አለች ቀና ሳትል። «ይሄ የእሷ ነው፤ እንዳይቋረጥባት ብዬ ነው።»

አባቴ በዝናቡ ውስጥ አጥሩን ዞሮ ሄደና ጋቢውን አውልቆ አለበሳት።